ጆን ያንግ፦ ጨረቃን ረግጦ ከተመለሰ በኋላ ሠላሳ ሁለት ዓመት ናሳ ውስጥ ያቆየው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የሰማይ ተማሪ

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን በጨረቃ ላይ ስለተራመዱት አሥራ ሁለት ሰዎች ሳነብ ከሁሉም ይበልጥ ቀልቤን የሳበው ዘጠነኛው፣ የአፖሎ 16 አዛዥ የነበረው ጆን ያንግ ነው። ስለ አርምስትሮንግና ስለ ኦልድሪን ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ያንግ ያገኘኋቸው ጽሑፎች ግን ስድስት ጊዜ ወደ ጠፈር መውጣቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቅሱና ጄሚኒ 3 ውስጥ ደብቆ ስላስገባው ሳንድዊች ወደ መተረክ ያልፋሉ። የአርባ ሁለት ዓመት አገልግሎት በአንድ ሳንድዊች ሲታወስ ማየት ያሳዝነኛል።

ሦስት ነገሮችን ማወቅ እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ አብዛኞቹ የሥራ ባልደረቦቹ ከጨረቃ በተመለሱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ናሳን ለቀው ወደ ንግድ፣ ወደ ፖለቲካ ወይም ወደ ሌላ ሙያ ሲሄዱ እሱን እስከ 2004 መጨረሻ ድረስ ያቆየው ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ አፖሎ 16 ከሌሎቹ የጨረቃ ጉዞዎች የተለየ ምን አስገኘ? ሦስተኛ፣ በ1986 ቻሌንጀር የተባለችው መንኮራኩር ከነጠፈርተኞቿ ከጠፋችበት አደጋ በኋላ ከኃላፊነቱ የተነሣው በግልጽ ስለተናገረ ነው መባሉ ምን ያህል መሠረት አለው? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

መልስ፦ የበረራ ታሪክ አንባቢ

የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔ ልሞክር። መልሱ ያለው ያንግ ወደ ናሳ ከመግባቱ በፊት በነበረው ሥራው ውስጥ ይመስለኛል። ሰውየው በመጀመሪያ መሐንዲስ፣ ቀጥሎም የሙከራ አብራሪ ነበር፤ ጠፈርተኛ ከሆነም በኋላ ሁለቱን ሙያዎች አልተዋቸውም።

ሴፕቴምበር 24 ቀን 1930 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ተወልዶ ያደገው በፍሎሪዳዋ ኦርላንዶ ነው። በ1952 ከጆርጂያ ቴክ በኤሮኖቲካል ምህንድስና በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቆ የአሜሪካን ባሕር ኃይል ተቀላቀለ፤ በኮሪያ ጦርነት ወቅትም በጦር መርከብ ላይ የተኩስ መቆጣጠሪያ መኮንን ሆኖ አገለገለ። አብራሪነትን የተማረው ከዚያ በኋላ ነው። ለጥቂት ዓመታት በተዋጊ ጄት ምድብ ውስጥ ሠርቶ በፓተክሰንት ሪቨር በሚገኘው የባሕር ኃይል የሙከራ አብራሪዎች ትምህርት ቤት ሠለጠነና አዳዲስ አውሮፕላኖችን ይፈትሽ ጀመር። በ1962 ኤፍ 4 ፋንተም በተባለው ጄት ከመሬት ተነሥቶ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ በ34.5 ሰከንድ ገደማ በመድረስ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ፤ የ25,000 ሜትሩንም እንዲሁ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ወር ናሳ በሁለተኛው ዙር ከመረጣቸው ዘጠኝ ጠፈርተኞች አንዱ ሆነ።

ብዙ ሰው የሙከራ አብራሪን የሚያስበው ከድፍረት ጋር አያይዞ ነው። ድፍረት ያስፈልገዋል፤ የዕለት ሥራው ግን መሣሪያው የቱ ጋ እንደሚደክም ለይቶ፣ ያየውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ጽፎ፣ ሠሪዎቹ እስኪያስተካክሉት ድረስ መወትወት ነው። የያንግን ሕይወት ከዚህ አንጻር ያነበበ ሰው ናሳ ውስጥ ለምን እንደቆየ አይቸግረውም። የሚፈተሽ አዲስ መሣሪያ እስካለ ድረስ ሥራው አላለቀም ነበር።

ስለ ሳንድዊቹ በአጭሩ ልናገር። ማርች 23 ቀን 1965 ያንግ ከገስ ግሪሶም ጋር በጄሚኒ 3 ሲወጣ ሌላው ጠፈርተኛ ዎሊ ሺራ የገዛውን ሳንድዊች በልብሱ ኪስ ይዞ ነበር። ግሪሶም ትንሽ ቀምሶ ፍርፋሪው በካቢኑ ውስጥ መንሳፈፍ ሲጀምር ወደ ኪሱ ከተተው። ፍርፋሪ ወደ መቆጣጠሪያ መሣሪያዎች ሊገባ ስለሚችል ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ምክር ቤት ደረሰ፤ ያንግም ተወቀሰ። ከዚያ በረራ መታወስ የሚገባው ግን ሌላ ነው። ሰው የያዘ መንኮራኩር ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ሞተር ተጠቅሞ ምህዋሩን የቀየረው በጄሚኒ 3 ነው። ይህ ባይቻል ኖሮ ሁለት መንኮራኩሮች በጠፈር ላይ ተፈላልገው ሊገናኙ አይችሉም ነበር፤ የአፖሎ ዕቅድ ደግሞ በሙሉ የቆመው በዚህ መገናኘት ላይ ነበር።

በጁላይ 1966 ያንግ የጄሚኒ 10 አዛዥ ሆኖ ከማይክል ኮሊንስ ጋር ወጣ። አጌና ከተባለች ሰው አልባ መንኮራኩር ጋር ተጋጥመው በእርሷ ሞተር እየተገፉ እስከ 763 ኪሎ ሜትር ከፍታ ደረሱ፤ ይህም በወቅቱ ሰው ደርሶበት የማያውቅ ርቀት ነበር። ከዚያም ከጄሚኒ 8 ጉዞ የቀረችውንና ኃይሏ ያለቀውን ሌላ አጌና ያለ ራዳር እርዳታ፣ በዓይንና በስሌት ፈልገው አገኟት። ለመጀመሪያው መገናኘት ከታቀደው እጅግ የበለጠ ነዳጅ ስለፈጀ በሁለተኛው ላይ ያንግ እያንዳንዱን ግፊት ቆጥቦ መጠቀም ነበረበት።

በሜይ 1969 ደግሞ አፖሎ 10 መጣ። ከማረፍ በቀር የጨረቃን ጉዞ ሙሉ በሙሉ የሚለማመዱበት በረራ ነበር። ቶማስ ስታፎርድና ዩጂን ሰርናን በማረፊያ መንኮራኩሯ ወደ ጨረቃ ገጽ 15 ኪሎ ሜትር ያህል እስኪቀርባቸው ወርደው ሲመለሱ ያንግ እናቲቱን መንኮራኩር ይዞ ብቻውን ይዞር ነበር። በጨረቃ ዙሪያ ብቻውን የዞረ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ሦስት ዓመት ቆይቶ ወርዶ የረገጣትም ራሱ ነው። ሁለት ጊዜ ወደ ጨረቃ የተጓዙት ሦስት ሰዎች ብቻ ሲሆኑ፣ እነሱም ጂም ላቭል፣ ያንግና ሰርናን ናቸው።

የአፖሎ 16ን ሳይንሳዊ ውጤት ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው እንዲመልስ እተወዋለሁ።

መልስ፦ ዓለት አጥኚ

ሁለተኛው ጥያቄ የእኔ ሙያ ስለሆነ በደስታ እመልሳለሁ። አፖሎ 16 ከሌሎቹ የሚለየው የሳይንቲስቶችን ግምት ስላፈረሰ ነው፤ እኔም ከስድስቱ የማረፊያ ጉዞዎች ውስጥ ይህን የማስበልጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚያ በፊት የነበሩት አራት ማረፊያዎች በጨረቃ ላይ ጠቆር ብለው በሚታዩት ሜዳዎች ወይም በጠርዛቸው አካባቢ ነበሩ። ፈካ ብሎ የሚታየውና አብዛኛውን የጨረቃ ገጽ የሚሸፍነው ጥንታዊ ከፍተኛ ቦታ ገና በቅጡ አልተዳሰሰም። አፖሎ 16 ባረፈበት በዴካርት አካባቢ የሚገኙት ለስላሳ ሜዳዎችና ጉብታማ ተራሮች በቴሌስኮፕና በፎቶግራፍ ሲታዩ በእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ ይመስሉ ስለነበር ቦታው የተመረጠው በጨረቃ ከፍተኛ ቦታዎች ላይ የነበረውን የእሳተ ገሞራ ታሪክ ለማጥናት ነበር። ያንግና አብሮት ያረፈው ቻርልስ ዱክም ለዚሁ ሲባል በምድር ላይ የእሳተ ገሞራ ዓለቶችን እየተመለከቱ በሰፊው ሠለጠኑ።

ማረፉ ራሱ ሊቀር ጥቂት ነበር የቀረው። በኤፕሪል 1972 ማረፊያዋ ኦራይን ከእናቲቱ መንኮራኩር ከካስፐር ከተለየች በኋላ ብቻውን የቀረው ኬን ማቲንግሊ የዋናው ሞተር ተጠባባቂ አቅጣጫ መቆጣጠሪያ እንደሚንቀጠቀጥ አስታወቀ። ያ ሞተር ካልሠራ ወደ ምድር መመለሻ የለም። ስለዚህ በምድር ያሉት መሐንዲሶች መንቀጥቀጡ ሞተሩን ይጎዳው እንደሆነ እስኪያጣሩ ድረስ ሁለቱ መንኮራኩሮች በጨረቃ ዙሪያ ለስድስት ሰዓት ያህል እየዞሩ ቆዩ። ፈቃዱ ሲመጣ ያንግ ኦራይንን አሳረፈ፤ ረጅም ቀን ስለነበርም ወዲያው እንደመውጣት ፈንታ ተኝተው እንዲያድሩ ተወሰነ።

ከዚያ ሦስት ጊዜ ወጥተው በድምሩ ከ20 ሰዓት በላይ በጨረቃ ገጽ ላይ ሠሩ። በተሽከርካሪያቸው ወደ 27 ኪሎ ሜትር ተጓዙ። 95.7 ኪሎ ግራም ዓለትና አፈርም ሰበሰቡ። ገና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግን የሚያዩት የጠበቁትን አልነበረም። የሚያነሡት ዓለት በአብዛኛው ብሬቺያ፣ ማለትም ከሰማይ በወደቁ ግዙፍ አካላት ግጭት ተሰባብሮ በዚያው ግለት እንደገና የተጣበቀ ስብርባሪ ነበር። የፈሰሰ የቀለጠ ዓለት ተስፋ የተደረገበት ቦታ በግጭት የተረጨ ፍርስራሽ ሆኖ ተገኘ። እዚህ ላይ ያንግና ዱክ የሚደነቁበት ነገር አለ፤ መምህሮቻቸው ይሆናል ያሉትን ለማግኘት ሲሉ ያዩትን አላጣመሙም፤ የእሳተ ገሞራ ዓለት እንዳላዩ በሬዲዮ በግልጽ ተናገሩ። የጨረቃን ከፍተኛ ቦታዎች ቅርጽ የሰጠው በዋናነት ግጭት ነው የሚለው የዛሬ ግንዛቤ ትልቅ ድጋፍ ያገኘው ከዚህ ነው።

አንድ ዓለት ለይቼ ልጥቀስ። በመጀመሪያው ቀን ፕላም በተባለው ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ሳሉ በምድር ያለው የሥነ ምድር ቡድን አንድ ትልቅ ድንጋይ በካሜራ አይቶ እንዲያመጡለት ጠየቀ። በተነፋ የጠፈር ልብስ ጎንበስ ማለት እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ዱክ ተንበርክኮ ድንጋዩን በእግሩ ላይ ወደ ላይ እያንከባለለ አነሣው። 11.7 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ይህ ዓለት በአፖሎ ጉዞዎች ሁሉ ከመጡት ነጠላ ዓለቶች ትልቁ ሲሆን፣ የቡድኑ መሪ በነበረው በዊልያም ሚውልበርገር ስም «ቢግ ሙሊ» ተባለ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ወደ ሰሜን ተጉዘው 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ካለው ከኖርዝ ሬይ ጉድጓድ አፋፍ ደረሱ። ከዚያ በተሰበሰቡት ናሙናዎች አማካይነት ጉድጓዱ የተፈጠረው ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መሆኑ ታውቋል።

የተበላሸ ሥራም ነበር። ከጨረቃ ውስጥ የሚወጣውን ሙቀት የሚለካው መሣሪያ በተተከለበት ቀን ያንግ ሳያየው ገመዱ በጫማው ተያዘና ከመሠረቱ ተበጠሰ። ያንን ልብስ የለበሰ ሰው የገዛ እግሩን ማየት ይቸግረዋል፤ ገመዱም በዝቅተኛው የስበት ኃይል ምክንያት መሬት ላይ አይተኛም። በዚያ ሥፍራ የሙቀት ልኬቱ በዚሁ ቀረ።

ሊረሳ የማይገባው ሌላው መሣሪያ ጥቁር አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆርጅ ካረዘርስ የሠራው የአልትራቫዮሌት ካሜራ ነው። በማረፊያዋ ጥላ ሥር ተተክሎ ያንግ ወደየአቅጣጫው እያነጣጠረ ምድርን የሚከባትን የሃይድሮጅን ጋዝ፣ ከዋክብትንና ማጌላኒክ ደመና የተባለውን ጎረቤት ጋላክሲ ፎቶግራፍ አነሣ። ከምድር ሌላ በሆነ አካል ላይ የቆመ የመጀመሪያው የሥነ ፈለክ መመልከቻ ይህ ነው። ፊልሙ ወደ ምድር ተመለሰ፤ ካሜራው እስከ ዛሬ እዚያው አለ።

የሰማይ ተማሪ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ምስል ግን እየረበሸኝ ነው። በዴካርት ከባንዲራው ፊት ዘልሎ አየር ላይ ሰላምታ ሲሰጥ የሚያሳየው ፎቶግራፍ ምንም የማይፈራ ሰው ያስመስለዋል። ከዚያ በኋላም ያለ ሰው ተሞክሮ በማያውቅ ሻትል (ወደ ጠፈር ወጥቶ እንደ አውሮፕላን በሚያርፍ መንኮራኩር) ላይ ወጣ። ይህ ሰው እንዴት ነው በ1986 የደኅንነት ጉድለቶችን እየዘረዘረ ሲጽፍ የምናገኘው? ሁለቱ ጠባዮች እንዴት ይታረቃሉ?

መልስ፦ የበረራ ታሪክ አንባቢ

ስለ ፍርሃት አንድ ነገር ልጨምር። ዱክ ደጋግሞ እንደተናገረው አፖሎ 16 ከምድር ሲነሣ የእሱ ልብ በደቂቃ 144 ጊዜ ሲመታ የያንግ 70 ላይ ነበር። ከዚህ ተነሥቶ አይፈራም ማለት ግን አይቻልም። በዲሴምበር 1983 በስድስተኛውና በመጨረሻው በረራው፣ ማለትም ኮሎምቢያ የተባለችው ሻትል የስፔስላብን የምርምር ክፍል ተሸክማ በወጣችበት ጉዞ፣ ለመመለስ ሲዘጋጁ ከዋናዎቹ ኮምፒውተሮች አንዱ ቆመ፤ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ሁለተኛው ተከተለ። ያንግ በኋላ ሲናገር የመጀመሪያው ሲቆም ጉልበቱ እንደተንቀጠቀጠ፣ ሁለተኛው ሲቆም ደግሞ ጨርሶ እንደከዳው አልሸሸገም። ያደረገው ነገር ግን መውረዱን ማዘግየት ነበር፤ ችግሩ እስኪጠና ድረስ ስምንት ሰዓት ገደማ ጠብቀው ወረዱ። ሲያርፉም በኋለኛው የመንኮራኩሯ ክፍል ነዳጅ ፈስሶ እሳት ተነሥቶ ነበር፤ የታወቀው ካረፉ በኋላ ነው።

በባንዲራው ፊት የዘለለውም ዱክ ፎቶግራፍ እንዲያነሣው ሁለት ጊዜ ነው። በጨረቃ ላይ ክብደት ወደ አንድ ስድስተኛ ስለሚወርድ ያን ከባድ ልብስና የጀርባ መሣሪያ ይዞ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ተነሥቶ አንድ ሰከንድ ተኩል ለሚጠጋ ጊዜ አየር በሌለበት ተንሳፈፈ። ተዝናንቶ እንደነበር አያጠራጥርም፤ ደስታውን መንፈግ የለብንም።

መልስ፦ የደኅንነት መሐንዲስ

ጠያቂው ያነሡት ተቃርኖ የዚህ ሰው ታሪክ እምብርት ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። የምሠራው በሌላ ዘርፍ ቢሆንም የያንግን ማስታወሻዎች ታሪክ በሙያዬ ምክንያት ለዓመታት ተከታትያለሁ።

መነሻው ጨረቃ ላይ ነው። ያንግና ዱክ በዴካርት ሥራ ላይ ሳሉ የአሜሪካ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለሻትል ግንባታ የሚውለውን በጀት ማጽደቁ በሬዲዮ ተነገራቸው፤ ያንግም አገሪቱ ሻትሏን አጥብቃ እንደምትፈልጋት መለሰ። ከ1974 ጀምሮ የጠፈርተኞች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆኖ ሠራ። በዚህ ሥልጣኑ የበረራ ቡድኖችን አመዳደብ ይመለከት ነበር፤ ይበልጥ የሚታወቀው ግን በየክፍሉ ይበትናቸው በነበሩት ማስታወሻዎች ነው። ስለ ሙቀት መከላከያ ንጣፍ፣ ስለ ፍሬን፣ ስለ ጎማ፣ ስለ ማረፊያ ሜዳ ርዝመት፣ ስለ ኮምፒውተር፣ የሚያሳስበውን ሁሉ ይጽፍ ነበር። አንባቢውን የሚያሰለች የሚመስል ሥራ ነው፤ አደጋ የሚቀነሰው ግን በዚህ ዓይነት ሥራ ነው።

ኤፕሪል 12 ቀን 1981፣ ዩሪ ጋጋሪን ወደ ጠፈር በወጣ ልክ በሃያ ዓመቱ፣ ያንግና ሮበርት ክሪፕን ኮሎምቢያን ይዘው ተነሡ። አዲስ ዓይነት መንኮራኩር አስቀድሞ ባዶውን ሳይሞከር ሰው ይዞ ወደ ምህዋር ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነበር። ሁለቱ ሰዎች ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር፤ በመንኮራኩሯ ውስጥ ተስፈንጥሮ መውጫ ወንበር የተገጠመላቸውም ለዚሁ ነው። የማያውቁት ሌላ ነበር። ጠጣር ነዳጅ የሚያነዱት ሁለቱ ግዙፍ ሮኬቶች ሲቀጣጠሉ የፈጠሩት የግፊት ማዕበል ከተገመተው እጅግ አይሎ ከመንኮራኩሯ ጭራ ሥር ያለውን ታጣፊ ክንፍ ከሚፈቀድለት በላይ ገፋው። ከሙቀት መከላከያ ንጣፎቹ 16 ወደቁ፤ 148 ደግሞ ተጎዱ። ያንግ የክንፉን ጉዳይ በኋላ ሲሰማ፣ በወቅቱ አውቆ ቢሆን ኖሮ መንኮራኩሯን ለመዝለል ወደሚያመች ከፍታ አድርሶ በወንበሩ ተስፈንጥሮ ይወጣ እንደነበር ተናግሯል።

ከ54 ሰዓት በላይ ቆይተው በካሊፎርኒያው የኤድዋርድስ አየር ኃይል ጣቢያ፣ በደረቀው ሐይቅ ወለል ላይ ሲያርፉ ያንግ መሰላሉን እንደወረደ ያደረገውን የሚያሳይ ፊልም አለ። ዝም ብሎ አልቆመም፤ በመንኮራኩሯ ሆድ ሥር ጎንበስ ቀና እያለ ንጣፎቹን ይመረምራል፣ ወደ ጎማዎቹ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል፣ በደስታም እጁን አየር ላይ ይሰነዝራል። ሃምሳ ዓመቱ ነበር። ስለ ያንግ ማንነት ከተጻፈው ሁሉ ይልቅ እነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ለእኔ ይነግሩኛል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። በእኔ እምነት ያንግ የሚቀበለው አደጋና የማይቀበለው አደጋ ነበሩ። ከፊቱ ተቀምጦ የተመዘነ፣ መሐንዲሱም አብራሪውም እኩል የሚያውቁት አደጋ ከሆነ ተቀብሎ ይወጣ ነበር። አንዱ ክፍል እያወቀው ለሌላው ያልነገረውን አደጋ ግን በፍጹም አይቀበልም ነበር። ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር ሰባት ሰዎችን ይዛ በተነሣች በ73 ሰከንድ የጠፋችው በሁለተኛው ዓይነት አደጋ ነው። በሮኬቶቹ መጋጠሚያ ላይ ያለው የጎማ ቀለበት ቀደም ባሉት በረራዎች ተበልቶ እንደተገኘ በሮኬቱ ላይ የሚሠሩት ያውቁ ነበር፤ በቅዝቃዜ ጊዜ እንደሚደክምም ሠሪዎቹ መሐንዲሶች ከመነሣቷ በፊት በነበረው ሌሊት አስጠንቅቀዋል። ሕይወታቸውን አሳልፈው የሰጡት ጠፈርተኞች ግን የጉዳዩ ክብደት አልተነገራቸውም።

በማርች 1986 ያንግ የጻፈው ማስታወሻ በጋዜጦች ወጣ። እንዲህ ያለ አደገኛ መሣሪያ እንዲበር የተፈቀደው በበረራ መርሐ ግብር ጫና ምክንያት ብቻ እንደሆነ በጽሑፉ አመለከተ። ከመጋጠሚያው ሌላ ጠፈርተኞችን ሊገድሉ ይችላሉ ያላቸውን በርካታ ጉድለቶችም አያይዞ ዘረዘረ። በዚያው ዓመት የሃብል ቴሌስኮፕን ይዞ የሚወጣውን በረራ በአዛዥነት ሊመራ ተመድቦ ነበር፤ ከአደጋው በኋላ የሻትል በረራ ለሁለት ዓመት ከመንፈቅ በላይ ስለቆመ ያ ጉዞ ሳይሆንለት ቀረ። በ1987 ከጽሕፈት ቤት ኃላፊነቱ ተነሥቶ የጆንሰን የጠፈር ማዕከል ዳይሬክተር የምህንድስና፣ የአሠራርና የደኅንነት ልዩ ረዳት ሆነ። በዘመኑ ብዙ ሰዎች ይህን ለትችቱ የተሰጠ ቅጣት አድርገው ወሰዱት። እኔ የጊዜውን ቅደም ተከተል ሳይ ሁለቱ ነገሮች አይገናኙም ብሎ መደምደም ይከብደኛል። ሆኖም የተሰጠው ቦታ ደኅንነትን የሚመለከት ነበርና ለአሥራ ሰባት ዓመታት በሙሉ ሥራው አድርጎ ያዘው፤ ማስታወሻዎቹም አልቆሙም።

የሰማይ ተማሪ

ይህ ከጠበቅሁት በላይ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፤ በ1981 የታየው የንጣፍ ጉዳት ትምህርት ተወስዶበት ነበር? ኮሎምቢያ በ2003 የጠፋችው ከዚህ ጋር በተመሳሰለ ምክንያት አይደለምን?

መልስ፦ የደኅንነት መሐንዲስ

በከፊል ተወስዷል። ለግፊት ማዕበሉ መፍትሔ ተገኘለት፤ ከሁለተኛው በረራ ጀምሮ ሮኬቶቹ ሲቀጣጠሉ ማዕበሉን የሚያለዝብ የውሃ መርጫ በማስወንጨፊያው ላይ ተሻሻለ። ከውጪው ነዳጅ ታንክ ሽፋን እየተላቀቀ መንኮራኩሯን የሚመታው አረፋ ግን ለሃያ ዓመታት እንደ ጥገና ጉዳይ ብቻ ሲታይ ቆየ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2003 ኮሎምቢያ ወደ ምድር ስትመለስ የተበታተነችው በመነሣቷ ጊዜ የተላቀቀ አረፋ የግራ ክንፏን የፊት ጠርዝ በስቶት ስለነበር ነው። የተጎዳው ክፍል የተለየ ነበር፤ በ1981 የወደቁት ንጣፎች ናቸው፣ በ2003 የተበሳው ጠንካራው የካርቦን ሽፋን ነው። የአሠራር ችግሩ ግን ያው ነበር፤ ደጋግሞ የታየና እስከዚያ ቀን ያልገደለ ጉዳት ቀስ በቀስ እንደ ተራ ነገር ተቆጠረ። ያንግ ያን ጊዜ የማዕከሉ ቴክኒካዊ ምክትል ዳይሬክተር ነበር፤ የመጀመሪያ በረራዋን የመራት መንኮራኩር ሰባት ሰዎች ይዛ ስትጠፋ ሥራ ላይ ሆኖ አይቷል።

መልስ፦ የበረራ ታሪክ አንባቢ

ጠያቂው ለማንበብ ወይም ለመስማት መነሻ ከፈለጉ የአፖሎ 16 የሬዲዮ ንግግር በጽሑፍም በድምፅም ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ከዚያ እንዲጀምሩ እመክራለሁ። ያንግ በዲሴምበር 31 ቀን 2004 ጡረታ ወጥቶ በጃንዋሪ 5 ቀን 2018 በ87 ዓመቱ ሂዩስተን ውስጥ ካረፈ በኋላ የተጻፉት ማስታወሻዎች በአብዛኛው የበረራ ቁጥሮችን ይደጋግማሉ፤ ከ15,000 ሰዓት በላይ አብርሯል፣ በጠፈር 835 ሰዓት ቆይቷል፣ በጄሚኒም በአፖሎም በሻትልም የበረረ ብቸኛው ሰው ነው ይላሉ። ሁሉም እውነት ነው። በሬዲዮው ንግግር ውስጥ ግን ሰውየውን በሥራ ላይ ያገኙታል። ከሦስተኛው መውጣት ቢጀምሩ ይሻላል። ኖርዝ ሬይ አፋፍ ላይ ሆነው አንድ ጥቁር ዓለት አይተው ወደ እሱ በእግር ይሄዳሉ፤ አየርና ጭጋግ፣ ዛፍም ሆነ ቤት በሌለበት ቦታ ርቀትን በዓይን መገመት ስለማይቻል ዓለቱ ቅርብ መስሎአቸው ነበር። ሲሄዱ ይርቃል፣ ሲቀርቡ ይገዝፋል፤ በመጨረሻ ከሥሩ ሲደርሱ ቤት የሚያህል ሆኖ አገኙት፤ «ሃውስ ሮክ» የተባለውም ለዚህ ነው። በዚያ ሁሉ መደነቅ መካከል ያንግ የቀረውን ጊዜ እየተከታተለ ከየትኛው ጎን ናሙና እንደሚቆረጥ ሲናገር ይሰማሉ።